አባባ፣ ይብሉ

ዲሴምበር 1፣ ዓርብ

ራዱ ዛሬም ቀንድ አውጣ አልበላም። መርፌዋን ይዞ ከቅርፊቱ ጋር አሥር ደቂቃ ሲታገል ቆየና «ይሄ እኮ እያየኝ ነው» ብሎ ተወው። ሻጯ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ራዱ ሮማንያዊ ነው፤ እኔ በማስተምርበት የቋንቋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከኦገስት ጀምሮ ከዓርብ እስከ እሑድ ሃኖይን እየዞርን እንበላለን። እኔ እመራለሁ፣ እሱ ይቀርፃል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፈዋል። አባባ ይህን የሰሙ ጊዜ «ደግሞ መብላትም አስተማሪ ይፈልጋል?» ብለው ነበር። ቀልድ ይሁን ተግሣጽ እስካሁን አልገባኝም።

ወደ ማታ እህቴ ሴን ከመንደር ደወለች። የአባባ ሳል ተመልሷል። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ እንዲሁ ብላኝ ሦስት ጊዜ ሮጬ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዳክዬዎቻቸውን ሲመግቡ ነው ያገኘኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኳት።

ዲሴምበር 2፣ ቅዳሜ

ሴን ጠዋት ደወለች። «ጋሼ፣ የዛሬው ሌላ ነው።»

ነገ ቀጠሮ አለኝ። ራዱ የእማማ ዚውን የሸርጣን ሾርባ ሊቀርፅ ነው፤ እሳቸውን ለማሳመን አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ነገ ማታ እደርሳለሁ አልኳት። «እሺ» አለች።

መንደራችን በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ዲሴምበር 4፣ ሰኞ

አባባ ቅዳሜ ማታ አረፉ። ትናንት ተቀበሩ። እኔ ማታ ደረስኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር።

ዲሴምበር 5፣ ማክሰኞ

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ወንድ ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። አባት ሲቀበር ልጁ የቀርከሃ በትር ተመርኩዞ፣ ጎንበስ ብሎ ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ይሄዳል። የኔን በትር የአጎቴ ልጅ ቪን ይዞታል። ኮከብ ቆጣሪው ለቀብሩ የመረጠው ሰዓት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። መቃብሩ ዳር ቆመው እስከ አምስት ሰዓት ከአሥር ጠብቀውኛል። ከዚያ በላይ ማቆየት አይሆንም፣ ሰዓቱ ያልፋል።

አክስቴ «ከተማው ራቀብህ?» አለችኝ። ሴን ምንም አልጠየቀችኝም። ጥቁር ጨርቅ፣ የአውራ ጣት የምታህል፣ ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችልኝ። ለአባት ከዓመት በላይ ይደረጋል። ይህ ጨርቅ ያለበት ሰው ሠርግ አይሄድም፤ በአዲስ ዓመታችን በቴት የሰው ደጃፍ አይረግጥም። ሞትን ይዞ ይገባል ይባላል።

ስመለስ አውቶቡሱ ወደ ሃኖይ የሚያስገባው ድልድይ ላይ ሳይደርስ ፈታሁት። የዚህ ደብተር ሽፋን ውስጥ አለ።

ዛሬ ራዱ «ትናንት የት ጠፋህ?» አለኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር አልኩት። ዝንጅብል ገዝቶ አመጣልኝ።

ዲሴምበር 9፣ ቅዳሜ

እማማ ዚው ከምከራየው ክፍል ሦስት በር አልፎ፣ በራሳቸው ቤት ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ነው የሚሸጡት። የሩዝ ማሳ ሸርጣን ከነቅርፊቱ በሙቀጫ ይወቅጡና ያጠሉታል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ክንዳቸው ግን ከኔ ይጠነክራል። ልጃቸው ሃን ታስተናግዳለች። ሆዷ መግፋት ጀምሯል። ከዚህ በፊት ሁለት አስወርዷታል፤ ስለዚህ ሠፈሩ በሙሉ ሆዷን እያየ እንዳላየ ያልፋል።

ዛሬ ገና ሳልቀመጥ «ና፣ ና፣ ታዋቂው ሰውዬ!» ብላ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችብኝ። የእሑዱን ቪዲዮ። ራዱ ለጥፎታል፤ የተመለከተው ሰው ብዛት ጉድ ያሰኛል።

እኛ ዘንድ ልጅ ሳህኑን ሳይነካ ታላላቆቹን በየስማቸው ይጋብዛል። ለራዱ ይህንን ነው የማስተምረው። አባት ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ። ራዱ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ በዚያ በተሰባበረ አነጋገሩ «አባባ፣ ይብሉ!» ይላል። እኔ የሌለኝን ጢም እያሻሸሁ፣ የገጠር ሽማግሌ ድምፅ አውጥቼ «አንተም ብላ፣ ልጄ» እላለሁ። ከዚያ ሁላችንም እንንፈራፈራለን። እማማ ዚው በሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ ሁለተኛ ሳህን ይጨምሩልኛል።

ቪዲዮው ላይ ከኋላዬ በተከፈተው በር የእማማ ዚው የግድግዳ ሰዓት ይታያል። አምስት ሰዓት ከአሥር ይላል።

ሃን ደግማ ከፈተችው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ዲሴምበር 17፣ እሑድ

ሴን ደወለች። ስለ ዳክዬዎቹ አወራን። በመጨረሻ «ጥሩ ትበላለህ፣ ጋሼ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ቪን ቪዲዮውን መንደር ለመንደር እያዞረ እያሳየ ነው አሉ።

«እሱ እኮ የቆየ ነው፤ ሌላ ቀን የተቀረፀ ነው» አልኳት።

«ሸሚዙ ያው ነው። ሰማያዊው። ማታ ስትመጣ ለብሰኸው ነበር፣ ሾርባ ነክቶት ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠብኩልህ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እሷ «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ዲሴምበር 24፣ እሑድ

ከራዱ ጋር የኢል፣ የእባብ መሳዩ ዓሣ፣ ሾርባ። ቀጥሎ የተጠበሰ ቶፉ፣ ያ የአኩሪ አተር አይብ፣ በሽሪምፕ ድልህ። ሽታው ሲመታው ራዱ ሊያለቅስ ደረሰ። በደንብ አስረዳሁ፣ በደንብ ቀለድኩ። ሁሉንም በልቼ ምኑም አልጣመኝም።

ጃንዋሪ 6፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ።

እማማ ዚው ሾርባዬን ሰጥተውኝ አጠገቤ ትንሿ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እሳቸው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

«የቴት ጠዋት የቤቴን ደፍ መጀመሪያ የምትረግጠው አንተ ነህ» አሉኝ። «ኮከብ ቆጣሪው ጋ ሄጃለሁ። የአይጥ ዓመት ተወላጅ ይሁን፣ ወንድ፣ ሳቂታ፣ ሐዘን ያልነካው ብሎኛል። እሱ አንተ አይደለህ?»

ዓመቶቻችን በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይጠራሉ፤ የኔ አይጥ ነው። በአዲሱ ዓመት ቤት መጀመሪያ የገባ እንግዳ ዕድሉን ለቤቱ ለዓመቱ ይሰጣል። ይህን ለራዱ በሳቅ ነው ያስረዳሁት። ለእማማ ዚው ግን ሳቅ አይደለም። አምና አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ሳታስበው ቀድማ ገባች፤ በሦስተኛው ወር የሃን ጽንስ ወረደ። «እሷ ምን ታድርግ፣ ምስኪን» አሉ እማማ። «ግን አንድ ቀን ይቅር ብያት አላውቅም።»

ከዚያ ድንገት «አባትህ እንዴት ናቸው? ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሾርባውንም ጨረስኩት።

ጃንዋሪ 7፣ እሑድ

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ወረፋ ነበር።

ጃንዋሪ 13፣ ቅዳሜ

አልነገርኳቸውም። ሃን ፊት አይነገርም። እሷ ደግሞ ከአጠገባቸው አትጠፋም።

ጃንዋሪ 14

አልነገርኩም።

ጃንዋሪ 19፣ ዓርብ

ዛሬ የአባባ አርባ ዘጠነኛ ቀን ነው። ሴን «ትመጣለህ?» ብላ ነበር፤ ፈተና አለብን አልኳት። ብርቱካን በካርቶን አድርጌ ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁ። አባቴን ለማሰብ ብርቱካን ላክሁ። ይህንን ሰው ሌላ ቦታ ባገኘው እጁን አልጨብጠውም ነበር።

ደብተር ስለሆነ ልጻፈው። ስልኬ ባትሪ ነበረው። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ቅዳሜ አለመሄዴ አሳፍሮኝ ነበር። ስላፈርኩ እሑድም ዘገየሁ። አክስቶቼ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ይታየኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ብሄድ የሚቀል መሰለኝ። ይህንን ለማን አስረዳለሁ? ለራሴም ሳነበው ሰበብ ይመስላል። ሰበብም ነው።

ፌብሩዋሪ 2፣ ዓርብ

የማድ ቤት አማልክት ወደ ሰማይ የሚሸኙበት ቀን። ሃን አማልክቱ ይጋልቧቸዋል የሚባሉትን ሦስት ካርፕ ዓሦች በባልዲ አድርጋ ሐይቁ ዳር ልትለቅ ሄደች፤ ባልዲውን እኔ ያዝኩላት። ስምንተኛ ወሯ ሊገባ ነው። ዓሣዎቹ ሲዋኙ ቆማ አየቻቸውና «ዘንድሮ ፈርቼ አላውቅም፣ ታውቃለህ?» አለችኝ። «እማማ አንተን ስላገኘች ነው መሰለኝ። እሷ ስትረጋጋ እኔም እተኛለሁ።»

ስንመለስ እማማ ዚው መመሪያ ሰጡኝ። «በጠዋቱ አንድ ሰዓት። ቀይ ልበስ። በሩን ቆልፈን እንጠብቅሃለን። አንተ እስክትመጣ ለማንም አንከፍትም፤ ወንድሜ እንኳ ቢመጣ ውጭ ይቆማል።»

«እማማ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ቢሆን...»

«ዝም በል! አታሟርትብኝ!» ብለው በእርጥብ ማንኪያ ክንዴን መቱኝ። እየሳቁ።

ባልዲውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 7፣ ረቡዕ

ለራዱ ነገርኩት። ቴትን አብሬህ ልቅረፅ ሲለኝ ነው ያመለጠኝ። እዚህ ያልጻፍኩትንም ጨምሬ ነገርኩት፤ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሴንን ስልክ አንስቼ እንደነበር። «ጋሼ፣ አባባ አርፈዋል፤ ለአምስት ሰዓት ትደርሳለህ፣ እየጠበቅንህ ነው» ስትለኝ «እየመጣሁ ነው» እንዳልኩ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ እማማ ዚው ጋ እንደተቀመጥኩ።

ራዱ ስልኩን አወጣና ቪዲዮውን አጠፋው።

«ምነው አልነገርከኝም? እኔ እኮ ብቻዬን መብላት እችል ነበር» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሮጊቷን ንገራቸው» አለ ሲወጣ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ተመለስ ብዬው «የተወለድክበት ዓመት ስንት ነው?» አልኩት። 1992። የጦጣ ዓመት ነው። እማማ ዚው የዘንዶ ናቸው፤ ጦጣም ከዘንዶ ጋር ይስማማል። እናትና አባቱ በሕይወት አሉ፤ በየእሑዱ እየደወሉ ሾርባ በልተሃል ወይ ይሉታል። ካልነገርኳቸው በኔ ፋንታ እሱ እንዲገባ ተስማማን።

ፌብሩዋሪ 8፣ ሐሙስ

ሴን። «ለቴት ትመጣለህ?» ሥራ አለኝ አልኳት። በቴት ሥራ እንደሌለ ሕፃንም ያውቃል።

«ጋሼ፣ በዋዜማው አባባን የሚጠራ...» አለችና ተወችው። የዋዜማው ማዕድ ሲቀርብ ወንድ ልጅ የአባቶች ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሙታኑን ወደ ቤት ይጠራል፤ ካልተጠሩ አይመጡም። «ቪን ይጠራቸዋል» አልኳት፤ በትሩንም እሱ ይዞ የለ።

«እሺ» አለች።

ፌብሩዋሪ 9፣ ዓርብ፣ ዋዜማ

እማማ ዚው ጋ ሄድኩ። የመጨረሻዬ ዕድል ነው፤ ነገ ቴት ነው፣ በቴት ጠዋት የሞት ወሬ አይነሳም፤ ማንሳቱ ራሱ ሟርት ነው። በሩዝና በአሳማ ሥጋ የተሠራ፣ በቅጠል የተጠቀለለው የቴት ጥቅል በትልቅ በርሜል ይንተከተካል። ሃን ያበጡ እግሮቿን በርጩማ ላይ ሰቅላ ቅጠል ታስራለች። እማማ «መጣልኝ ዕድሌ!» ብለው ጉንጬን ያዙኝ።

መልካም ዋዜማ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ።

ፌብሩዋሪ 10፣ ቅዳሜ፣ የቴት መጀመሪያ ቀን

ብዙ ነገር ሆነ፤ ሳይጠፋብኝ በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ራዱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሌ መጣ። ቀይ ሸሚዝ፣ በእጁ የኮክ አበባ ቅርንጫፍ። ቃላቱን አስደገምኩት፣ ቀኝ እግሩን እንዲያስቀድም ነገርኩት። «አንተስ?» አለኝ። ከደብተሩ ሽፋን ውስጥ ጨርቁን አወጣሁ። መርፌ ቁልፉን ራዱ ነው ያያያዘልኝ። ሁለት ወር ከሳምንት ደብቄው ነበር።

መንገዱ ላይ ማንም የለም። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። እማማ ዚው ፎቅ ላይ መስኮት ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ከሩቅ ሳቃቸው ይታያል። እኔ ከራሴ በር አላለፍኩም። ራዱ ብቻውን ሄደ።

መጀመሪያ እሱን አዩ። ከዚያ ከእሱ ኋላ እኔን ፈለጉኝ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ፣ ወደ ደረቴ ወረደ። ሳቃቸው ጠፋ። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል መስኮቱ ተዘግቷል።

አይከፍቱም አልኩ። በቃ፣ ዓመቱን አበላሸሁባቸው፣ የሃንን ዓመት። ራዱ አበባውን ይዞ እንደ ሐውልት በሩ ላይ ተገትሯል። እንዲያ ሆኖ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንሸራተተ፤ የራዱ ድምፅ «መቶ ዓመት ይኑሩ!» ብሎ ጮኸ፤ አነጋገሩ እንደ ሁልጊዜው ጉድ ነው። ሃን ሳቀች። ሳቋ እስከኔ ድረስ ተሰማ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራዱ አንድ የቴት ጥቅል በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

«ማድ ቤት አስገብተው አባቱ ናቸው? መቼ? ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። የተቀበሩት የቪዲዮው ቀን ነው አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ሁለተኛውን ሳህን የጨመርኩለት እኔ ነኝ አሉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ዛሬ አይለቀስም አሉ። ከዚያ ይሄን ሰጡኝ። ለአባቱ ነው፣ ዛሬውኑ ያድርስ አሉ።»

የሞተር ብስክሌቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። አውቶቡስ የለም።

ያው ቀን፣ መንደር

ሴን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዳክዬዎቹ እግሯ ሥር ነበሩ። መጀመሪያ ፊቴን ሳይሆን ደረቴን አየች። ጥቅሉን ተቀበለችኝና ገባን።

የአባባ ፎቶግራፍ ፊት የዋዜማው ማዕድ በወንፊት ክዳን ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሩዙ ደርቋል፣ የዶሮው ስብ ረግቷል። ዕጣኑ አልተለኮሰም።

«ቪን አልጠራቸውም?»

«ሊጠራቸው መጥቶ ነበር። መለስኩት። ልጃቸው እሱ ነው እንዴ?»

«ታዲያ አባባ...»

«አልተጠሩም። ትመጣለህ ብዬ።»

እኔ ከተማ ውስጥ የሰው ደጃፍ ልርገጥ አልርገጥ እያልኩ ሁለት ወር ስጨነቅ፣ አባቴ በገዛ ቤታቸው በዋዜማው ሳይጠሩ፣ ውጭ አደሩ።

«ባልመጣስ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ጋሼ? እሺ እላለሁ።»

ዕጣኑን ለኮስኩ። የእማማ ዚውን ጥቅል ከማዕዱ መሃል አስቀመጥኩ። የሩዙን ሳህን በሁለት እጄ አነሳሁ። አባቶች የሚጠሩበት ረጅም ቃል አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ በየሳምንቱ ለራዱ የማስተምረው ብቻ ነው።

«አባባ፣ ይብሉ» አልኩ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ያን ቀን በአምስት ሰዓት ከአሥር፣ የእሳቸውን ድምፅ አስመስዬ ስቄበታለሁ።

ዕጣኑ እስኪያልቅ እንደቆምኩ ቆየሁ። ከዚያ ሴን ምግቡን ልታሞቀው ይዛው ገባች።